ሁለተኛው ጉድለት

እኔ ትራንዚተር ነኝ። ሰው ከባህር ማዶ የገዛውን መኪና ከጉምሩክ አስጨርሼ ቁልፉን አስረክባለሁ። ስለዚህ የሰውን ሞኝነት ከማንም በፊት የማየው እኔ ነኝ። ፎቶ ብቻ አይቶ መኪና የሚገዛ ሰው ደሜን ያፈላዋል። በፎቶማ ሁሉም መኪና ያምራል፤ እኔ ራሴ በፎቶ አምራለሁ። ስሙን እንኳ በቅጡ ለማያውቀው ሻጭ ያለ የሌለ ጥሪቱን ይልካል። መኪናው ወደብ ደርሶ ኮፈኑ ሲከፈት ግን እኔ የሸጥኩለት ይመስል ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። "መኪናውን ተወው፣ ሻጩን ነበር መምረጥ" እለዋለሁ። ምክሬ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከመኪናው በኋላ ነው።

ሻጭ መምረጥ ታውቃለች ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርላት አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከመለዋወጫ ሱቆቹ በላይ፣ እግር በረገጠው ቁጥር የሚያቃስት የእንጨት ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ፎቅ ላይ እሷና ባሏ ቢሮ አላቸው። እኔ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ተከራይቼ ዓመታት አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። እሷ አስመጪ ናት። ባሏ ዕድሜውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የጨረሰ፣ ሳቁ ታች ሱቅ ድረስ የሚሰማ፣ ወንበሩ ሁልጊዜ የሚጠበው ትልቅ ሰው ነበር። መንዳት ካቆመ በኋላ ሚስቱ ያስመጣቻቸውን መኪኖች እየሞከረ ለገዢ ያስረክብ ነበር። እሷ ትመርጣለች፣ እሱ ይነዳል፣ እኔ በመሃል ከጉምሩክ ጋር እጨቃጨቃለሁ።

ታች ያሉት የመለዋወጫ ነጋዴዎች "ሌላስ" የሚል ስም አውጥተውላታል። ደረጃው ሲያቃስት "ሌላስ ገባች" ይባባላሉ። እሷም ታውቃለች፤ አይከፋትም። ስሙ የመጣው ከአሠራሯ ነው።

አዲስ ሻጭ ስታገኝ መጀመሪያ ዋጋ አትጠይቅም። ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ አንድ ሰው ኮፈኑ ላይ መዳፉን አሳርፎ ቀዝቃዛ መሆኑን እያሳየ ቪዲዮ እንዲቀረጽላት ታዛለች። ከዚያ ቪዲዮው ሳይቋረጥ ሞተሩ ይነሳል። "የሞቀ ሞተር ሁሉ ጨዋ ነው" ትላለች። የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ ታነባለች፣ ምንጣፉን አስገልጣ ወለሉን ታያለች፣ ከዚያ ሻጭ የገዛ ሌላ ሰው አፈላልጋ ትደውላለች። እስከዚህ ድረስ ልብ ያለው አስመጪ ሁሉ የሚያደርገው ነው። የእሷ የሚለየው መጨረሻው ላይ ነው። "ጉድለቱን ንገረኝ" ትለዋለች። "ምንም የለውም" ያለ ሻጭ እዚያው ተሰናበተ። ያገለገለ መኪና ጉድለት የለውም የሚል ሰው ወይ መኪናውን አላየውም፣ ወይ እየዋሸ ነው። አንድ ጉድለት የነገራትን ደግሞ "ሌላስ?" ትለውና ዝም ትላለች።

ዝምታዋ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሻጭ ቀርቶ እኔን ያስጨንቀኝ ነበር። ሻጩ ይስላል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ እሷ ትጠብቃለች። "የመጀመሪያውን ጉድለት አስቀድመው አዘጋጅተውት ነው የሚነግሩህ" ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ፤ "ቀለም ተጭሯል፣ መብራት ተሰንጥቋል፣ እንደዚህ ያለ ነገር። ዋናው ሁለተኛው ነው።"

በዚህ ወንፊት ካለፉት ሁሉ የከረመው አንድ ሽማግሌ ነው። ባህር ማዶ፣ ወደብ ዳር ግቢ ውስጥ አሮጌ ሚኒባስና ፒክአፕ ይሸጣል። በሁለቱም አፍ በተሰባበረች የውጭ ቋንቋ ነው የሚግባቡት። ባሏ አንድ ጊዜ አብሯት ሄዶ ግቢውን አይቶ ነበር። ሁለቱ ወንዶች አንዲት ቃል ሳይግባቡ ሲሳሳቁ ዋሉ፣ ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ስልክ ሲያነሳ ከሰላምታው ቀጥሎ "ባልሽ ደህና ነው?" ሳይል ሥራ አይጀምርም። ከእኛ ቋንቋ የሚያውቃት ቃል አንዲት ናት፣ እሷም "ሌላስ" ናት። ከእሷ አፍ እየሰማ ለመዳት። አንዳንዴ አንዱን ጉድለት ነግሯት ገና ሳትጠይቀው በዚያ በተጣመመ አነጋገሩ "ሌላስ?" ብሎ ራሱን ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። ያኔ ባልየው እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አንድ ሚኒባስ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም መኪና ቀለም ቀቢ ነው። መስኮት በሌለው ክፍል ቀለም ሲረጭ ኖሮ ሳንባው ተጎድቷል፣ ሐኪሙም እዚያ ክፍል ከተመለስክ እኔን እንዳትጠይቀኝ ብሎታል። ባልየው "የሚቀጥለው መኪና ያንተ ነው፣ ሰው እየጫንክ ትኖራለህ" ብሎ ቃል ገባለት። ወንድምየውም ያጠራቀማትን ሁሉ አምጥቶ ለወንድሙ ሚስት ሰጠ። ከዚያች ሚኒባስ ሌላ መውጫ የለውም። ደህና ከመጣች ዳነ፣ ብልሹ ከመጣች ተመልሶ እዚያው ክፍል ነው።

ያኔ ሽማግሌው ዘንድ ደህና ሚኒባስ ጠፋ። ስለዚህ እሷ ሌሎች ሻጮችን በዓይኗ ለማየት ብቻዋን ተጓዘች። ባሏ በሳቅ ሸኛት።

እዚያ ሳለች ሞተ። ልቡ ነው አሉ። እኔ ያን ሰሞን ወደብ ነበርኩ፣ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ "በሰው አገር ብቻዋን ሆና አትስማ፣ ስትመጣ ይነገራታል" ብሎ ወሰነ። እኛ እንዲህ ነን፤ ክፉ ወሬን ደብቀን ማቆየት ደግነት ይመስለናል። የባልየውን ስልክ የማንሳት ዕዳ የወደቀው ወንድምየው ላይ ነበር። ስትደውል "ተኝቷል" ይላታል። ደግማ ስትደውል "ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል" ይላታል። እሷም እንደ ልማዷ "ሌላስ?" አለችው። "ሌላ ሰላም ነው እትዬ" አላት። አመነችው። ሻጭ ቢሆን ዝም ብላ ትጠብቀው ነበር፣ ለዘመድ ግን ሌላ ሚዛን ነበራት።

ለባሏ ትልቅ ቁጥር ጃኬት ገዝታ መጣች። ጃኬቱ ሻንጣ ውስጥ አልገባ ብሏት በክንዷ አንጠልጥላው ነበር። ቤቷ በር ላይ የቆሙትን ሰዎች ስታይ ጃኬቱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው፤ ማንም ምንም ሳይላት ገባት።

አላለቀሰችም። ሴቶቹ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ አሏት፣ እሷ ግን እንባ ጠብ አላላትም። ሰው ሲያጽናናት አመሰገነች፣ ብርጭቆ ሲሰጧት ተቀበለች። ከዚያ ቢሮ ተመለሰች። ጃኬቱን በባሏ ወንበር መደገፊያ ላይ ሰቀለችውና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። ሁሉንም ነገር ትሠራለች፣ ግን ሥራዋ ውስጥ የለችም። ሻዩን ሳታማስል ትጠጣለች፣ ስኳሩ ታች ተጋግሮ ይቀራል። ስልክ ታነሳለች፣ "እሺ" ትላለች፣ ትዘጋለች። ከታች ነጋዴዎቹ ስሟን መጥራት ተዉ። እኔ በበኩሌ ሰው እንዲህ ከሚሆን ጠረጴዛ ቢገለብጥ እመርጣለሁ። ያስፈራኛል።

በዚያ ጉዞዋ ያገኘችው አንድ ወጣት ሻጭ ነበር። በላካቸው ፎቶዎች ሁሉ ላይ ሱፍ ለብሶ መኪናውን ተደግፎ ስለሚቆም ሱፍ ለባሹ ብዬዋለሁ። ምላሱ ቅቤ ነው። አንድ ቀን ለወንድምየው የሚሆን ሚኒባስ አገኘሁ ብሎ ደወለ። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ወንበሩ እንኳ ላስቲኩ ያልተላጠ። ጆሮዬን ጥዬ ቀዝቃዛ ሞተር እስክትጠይቅ ጠበቅኩ። አልጠየቀችም። ምንጣፍ ግለጥልኝ አላለችም። ጉድለቱንም አልጠየቀችም። "ምንም እንከን የለውም" አላት እሱ ሳትጠይቀው፣ እሷም "እሺ፣ ቅድሚያ ክፍያውን እልካለሁ" አለች።

"ምን ነካሽ እህቴ?" አልኳት ስልኩን ስትዘጋ።

"ምነው ጋሼ?"

"ይህ ሰውዬ ለሌላ ገዢ የሸጠው መኪና አንዴ በእጄ አልፏል። ምንጣፉን ሳነሳው ወለሉ ላይ ደረቅ ጭቃ ነበር። ጎርፍ የበላው መኪና ነው አጥቦ የሸጠው። ነግሬሻለሁ።"

"ነግረውኛል" አለች።

"እና?"

"እና ምንም። ሁሉም ያው ናቸው ጋሼ።"

ሁሉም ያው ናቸው! ይህን ያለችኝ ሽማግሌውን ከስንት መቶ አጭበርባሪ መሃል ለቅማ ያወጣችው ሴት ናት። ሽማግሌው ጋ ለምን አትደውይም፣ እሱ ዘንድ ሳይገኝ አይቀርም አልኳት። ገና ስሙን ስጠራ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"አግኝቷል" አለች። "አንድ ሚኒባስ ይዤልሻለሁ ብሎ ደውሎ ነበር።"

"ታዲያ!"

"መጀመሪያ 'ባልሽ ደህና ነው?' አለኝ።"

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

"'ደህና ነው' አልኩት" አለች። "ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁ። አሁን ብደውል ደግሞ ይጠይቀኛል። ይህኛው ልጅ ግን ስለ ማንም አይጠይቅም።"

ይኸው ነው እንግዲህ። የሚታመነውን ሰው የተወችው ስለሚታመን ነው፣ ስለ ባሏ ከልቡ ስለሚጠይቃት። ሱፍ ለባሹን የመረጠችው ማንም ሞተ ማንም ኖረ ደንታው ስላልሆነ ነው። እንዲህ ያለ ሻጭ አመራረጥ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን አልቻልኩም። አዘንኩ።

ቅድሚያውን በምትልክበት ቀን ወንድምየው የመኪናውን ፎቶ ለማየት መጣ። እሷ ከምሳ በኋላ ባንክ ልትሄድ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅታለች። ሰውዬው ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ መውጣት ስለማይችል መሃል ላይ ቆሞ ሲያስል ሰማነው። ገብቶ ለእኔ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። የወንድሙን ወንበርና ጃኬቱን ሲያይ ዓይኑን ሰበረና ሌላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስንት ጊዜ ቢታጠብ ከጥፍሩ ሥር የማይለቅ ነጭ ቀለም አለ።

ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። ፊቱ እየበራ ሄደ። ልጅ ይመስል ነበር።

"አዲስ እኮ ነው የሚመስለው" አለ። "ምን አለ ሰውዬው?"

"ምንም እንከን የለውም አለ።"

"ተመስገን። እንግዲህ ሰላም ነው ማለት ነው እትዬ።"

ቦርሳዋን ልታነሳ የዘረጋችው እጅ መንገድ ላይ ቆመ።

"ሰላም ነው" አለች ቀስ ብላ። ደግማም "ሰላም ነው። አንተም እንዲህ ነበር ያልከኝ" አለች።

ወንድምየው ደነገጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም ነበር። "እትዬ፣ እኔኮ ለአንቺው ብዬ..."

"አልተቆጣሁህም። እንዴት እንደነበረ ንገረኝ ብቻ። ማንም አልነገረኝም።"

ተነስቼ ልወጣላቸው ፈለግኩ። ነገር ግን ወንበሩን በሩ ላይ ስቦ ስለተቀመጠ የምወጣበት አልነበረኝም፣ ባለሁበት ቀረሁ። ወንድምየው እጁን ጉልበቱ መሃል አድርጎ ተረከላት። ባሏ መኪና ሞክሮ ማታ ቤት ሲገባ ደረቴን ተጫነኝ አለ። ምንም አይደለም፣ ያ መናጢ የቢሮ ደረጃ ነው ብሎ ሳቀ። ሆስፒታል ወሰዱት። እዚያም ነርሷን ሲያስቃት ነበር። ንጋት ላይ ዝም አለ።

"አልተሠቃየም" አለ ወንድምየው። "እውነቴን ነው፣ ብዙም አልተሠቃየም።"

"ሌላስ?" አለች።

ቃሏን ከሰማሁ መክረሜ ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድምየው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ጠረጴዛዬን ተመለከትኩ። ከታች አንዱ ጎማ ሲቀጠቅጥ ይሰማል። ወንድምየው ሳለ። ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ጠበቀች።

"ስልኬን ስጠኝ አለኝ" አለ በመጨረሻ። "'ልደውልላት' አለ። ድምፁ ያን ያህል ደክሞ ብትሰሚው ትደነግጫለሽ ብዬ... 'አሁን ዕረፍ፣ ሲነጋ ትደውላለህ' አልኩት። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር እትዬ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። አሁንም አልሰጠሁትም። ከዚያ መጠየቁን ተወ።"

ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዱ ውስጥ ቀብሮት የኖረው ይህ ነበር፤ ደረጃውን ሲወጣ የሚያስለው ሳንባው ብቻ አልነበረም።

እሷ ምንም አልሆነችም። አንገቷን ብቻ ነቀነቀች፣ ምንጣፍ ተገልጦ ዝገቱን ስታገኝ እንደምታደርገው። ቦርሳዋን ወደ ወለሉ አወረደችው። የሱፍ ለባሹ ሚኒባስ ያለበት ኮምፒውተር ነካኪ አጥቶ በራሱ ጠፋ። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለች፣ ድምፁንም ሁላችን እንድንሰማ ከፈተችው።

ሽማግሌው ቶሎ አነሳ። ከበስተኋላው የግቢው ጫጫታ ይሰማል። በዚያች የተሰባበረች ቋንቋ ሰላም አላት፣ ጠፋሽ ብሎ ወቀሳት። ከዚያ እንደ ልማዱ "ባልሽ ደህና ነው?" አለ።

"ሞቷል" አለች። "ያኔ ስትደውልም ሞቶ ነበር። ዋሸሁህ።"

የምናጽናናበት ቃል እኛ ዘንድ ብዙ ነው፣ እሱ ግን በዚያች ቋንቋ ከየት ያምጣው? አፈላልጎ ሲያጣ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። የግቢው ጫጫታ ራቀ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ በር ዘጋ መሰለኝ። ከዚያ ከእኛ ቋንቋ ያለችውን ያቺን አንዲት ቃል፣ በተጣመመ አነጋገሩ፣ በጣም ቀስ አድርጎ አላት።

"ሌላስ?"

እሷ አፏን ከፍታ ዘጋች። እሱ ጠበቃት። ለዓመታት እንደጠበቀችው፣ ሳይቸኩል ጠበቃት።

"አልቀበርኩትም" አለች። በውጭ ቋንቋ አልነበረም፣ በእኛው ነው ያለችው። "አልቀበርኩትም። ሊደውልልኝ ፈልጎ ነበር።"

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይፈሳል። እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ከወንበሩ ላይ የጃኬቱን እጅጌ ሳበችና ፊቷን ያዘችበት። ሽማግሌው ያለችውን በቃል አልተረዳውም፣ ነገር ግን ስልኩን አልዘጋም። ወንድምየው ሊወጣ ብድግ አለ።

"ተቀመጥ" አለችው ከእጅጌው ውስጥ። "መኪናው ያንተ ነው። አብረህ ስማ።"

ተቀመጠ። እሷ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋ እንደተዘጋ፣ ስልኩን አቃናችው።

"ሚኒባሱ አለ?" አለች።

"አለ" አለ ሽማግሌው። "አስቀምጬልሻለሁ።"

"ጉድለቱን ንገረኝ።"

"የጎኑ በር ብርድ ሲሆን ይይዛል" አላት።

እሷም "ሌላስ?" አለችና ዝም አለች፣ እኛም ከእሷ ጋር ጠበቅን።